«ሴንሰሮቹ ገብተዋል፣ ከላፕቶፕ ግን አይመልሱም» ላልከው

ወንድሜ፣ ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት የለጠፍከውን የስክሪን ፎቶ አጥፋው። ከታች የሚታየው ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት የኔትወርክህን ሙሉ መለያ ይዟል፤ የምስጢር ቁልፉም እዚያው ውስጥ አለ። ቁልፍን በር ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የኦፕንስሬድን የድንበር ራውተር ጭነሃል፤ ይኸውም ስሬድ የተባለውን የሴንሰሮች ሽቦ አልባ ኔትወርክ ከቤትህ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። የኖርዲክ 52840 ዶንግል፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካ ሬዲዮ፣ ሰክተሃል፤ ፕሮግራሙ «ሊደር»፣ የኔትወርኩ መሪ፣ ነኝ ይላል፤ አራቱም ሴንሰሮች ገብተዋል። ከላፕቶፕህ ግን ፒንግ ስታደርግ፣ «አለህ ወይ?» የሚለውን የሙከራ ጥሪ ስትልክ፣ ዝም። «የተሻለ አንቴና ልግዛ ወይስ ሁሉንም ትቼ ተሠርቶ የሚሸጠውን ልግዛ?» ብለሃል።

አንቴና አትግዛ። እኔ ገዝቻለሁ፤ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ቢሾፍቱ አጠገብ አንድ ዘመዴ ዶሮ ያረባል። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቤቱ ከቀዘቀዘ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረቡና ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ስለዚህ በየቤቱ በባትሪ የሚሠራ የሙቀት ሴንሰር ላስቀምጥለት ተስማማን። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ አዲስ አበባ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ ሞከርኩት፤ በደንብ ሠራ። ወደ እርባታው ወስጄ ስሰካው ልክ እንዳንተ ሆነ፦ ሴንሰሮቹ ገብተዋል፣ ከቢሮው ኮምፒውተር ግን አንዳቸውም አይመልሱም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሽቦና ብሎኬት ነው፤ ጥፋቱን ወዲያው በሬዲዮው ላይ አላከክሁት። ሬዲዮ በዓይን አይታይምና ጥፋት ሁሉ ይለጠፍበታል። ዶንግል ቀየርኩ፣ አንቴና ገዛሁ፣ ፓይውን እንጨት ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ጥፋቱ የአንድ ቃል ነበር። ቤቴ ሳለሁ ፓይው የተገናኘው በዋይፋይ ስለነበር በተከላው ጊዜ የውጭ በሩ፣ ማለትም ከቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት፣ ዋይፋይ ነው ብዬ ሞልቻለሁ። እርባታው ላይ ደግሞ በኬብል ሰካሁት። ፕሮግራሙ ግን ማንም በማይሰማበት በዋይፋዩ በኩል መልእክቱን እያወጀ ኖሯል። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የዋይፋዩን ስም በኬብሉ ስም ተካሁ፤ አገልግሎቱን እንደገና አስነሣሁ፤ አለቀ። ያንተ ጥፋት ይኸው ነው እያልኩህ አይደለም፤ መጀመሪያ የምታየው ግን እሱን ይሁን።

ነገሩ እንዲገባህ የድንበር ራውተር ምን እንደሆነ ልንገርህ። ብዙ ሰው እንደ ድሮዎቹ የስማርት ቤት ሳጥኖች አስተርጓሚ ይመስለዋል። አስተርጓሚ አይደለም፣ ኬላ ነው። በስሬድ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ የአይፒ ስሪት 6 (IPv6) አድራሻ አለው፤ ራውተሩ ፓኬቱን ያሳልፋል እንጂ ይዘቱን አያይም። የኬላው ዋና ድካም መጠን ማስተካከል ነው። የስሪት 6 መስመር ቢያንስ 1280 ባይት የሚሆን ፓኬት መሸከም አለበት፤ ስሬድ የሚጠቀምበት የ802.15.4 ሬዲዮ ግን በአንድ ጊዜ ከ127 ባይት በላይ አይልክም። የስሪት 6 ራስጌ፣ ማለትም አድራሻዎቹ ያሉበት የፓኬቱ መጀመሪያ፣ ብቻውን 40 ባይት ስለሆነ ይጨመቃል፣ የቀረው ይቆራረጣል፣ ማዶ ሲደርስ ይገጣጠማል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ፓይህ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ዶንግሉ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ኬላ ደግሞ መኖሩ ካልታወቀ ማንም አያልፍበትም። ስለዚህ ፓይህ በየጊዜው «ወደነዚህ አድራሻዎች የሚሄድ በእኔ በኩል ይለፍ» እያለ በቤትህ ኔትወርክ ላይ ያውጃል። ላፕቶፕህ አዋጁን ካልሰማ፣ ወይም ሰምቶ ችላ ካለ፣ መንገዱን አያውቅም። «ሴንሰሮቹ ገብተዋል፣ ግን አይደረስባቸውም» የሚለው አቤቱታ እኔ ባየሁት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ነው የመጣው።

ከውስጥ ወደ ውጭ ሂድ። መጀመሪያ ፓይው ላይ ሆነህ ሴንሰሩን ፒንግ አድርግ። ባትሪ ቆጣቢ ሴንሰር ተኝቶ እየነቃ ስለሚሠራ መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ከመለሰ የሬዲዮ ችግር የለብህም፤ አንቴናውን ከሐሳብህ አውጣ።

ቀጥሎ የትኛውን አድራሻ እንደምትጠራ እይ። እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንድ ሴንሰር ብዙ አድራሻ ይኖረዋል፤ ከእነሱም ሁለቱ በ«ኤፍ ዲ» ሊጀምሩና መንትያ ሊመስሉ ይችላሉ። አንዱ የሜሹ፣ ማለትም የሴንሰሮቹ ኔትወርክ፣ የውስጥ አድራሻ ነው፤ ከኬላው አይወጣም። ሌላው ራውተሩ ለውጭ ግንኙነት ካደለው ቅድመ ቅጥያ (የአድራሻ መጀመሪያ ክፍል) የተሠራ ነው፤ ከላፕቶፕ የሚደረስበት እሱ ብቻ ነው። ፓይው ላይ ሁለቱም ይመልሳሉ፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። የፎቶህ ጥራት ደካማ ቢሆንም አንተ የጠራኸው የውስጡን ይመስለኛል።

ትክክለኛው አድራሻም ካልመለሰ የላፕቶፑን የስሪት 6 መንገድ ሰንጠረዥ ክፈት። ያ ቅድመ ቅጥያ በፓይህ በኩል የሚል መስመር ከሌለ አዋጁ አልደረሰም ማለት ነው። የበር ስሙን እንደ ነገርኩህ አረጋግጥ፤ ፓይው ላይ የስሪት 6 ፓኬት ማስተላለፍ መፈቀዱንም እይ። ሊኑክስ ላይ ማስተላለፍ ሲፈቀድ ማሽኑ የሌላውን ራውተር ማስታወቂያ መስማት ስለሚያቆም «አክሴፕት አር ኤ» የሚባለው ቅንብር ከ1 ወደ 2 መነሣት አለበት። ላፕቶፕህም ሊኑክስ ከሆነና ማስታወቂያውን የሚያነብበው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ከሆነ፣ የሚቀበለው የመንገድ ቅድመ ቅጥያ ርዝመት ከመነሻው 0 ነውና 64 አድርገው። ይህን ያገኘሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጎረቤት እስኪነቃ ጮኼአለሁ። ሁሉም ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ የዋይፋይ ሳጥንህ ደንበኞችን እርስ በርስ የሚለይ ቅንብር ይኖረው ይሆናል፤ ላፕቶፑን ለጊዜው በኬብል ሞክር።

ስለ ሬዲዮ ሁለት ነገር ብቻ። ዶንግሉን ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ በቀጥታ አትሰካው፤ ከዚያ የሚወጣው ጫጫታ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያርፋል። ጥቁሩ ላይ፣ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ አርቀህ ስካው። ቻናል ደግሞ 25ን ሞክር፤ መሃሉ 2475 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከዋይፋይ ቻናል 11 በላይ ይውላል።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ የሚሆነውን ሳልነግርህ አላልፍም፤ እኔን ከሬዲዮው በላይ ያንገላታኝ እሱ ነው። አንድ ማለዳ የፓይው ሚሞሪ ካርድ ተበላሽቶ ጠበቀኝ። እንደገና ጫንኩና በችኮላ አዲስ ኔትወርክ ፈጠርኩ። አዲስ ኔትወርክ ማለት አዲስ ቁልፍ ነው፤ አሥራ አንዱም ሴንሰሮች ወላጅ አልባ ሆኑ፤ እየዞርኩ አንድ በአንድ መልሼ አስገባኋቸው። ያ ፎቶህ ላይ የወጣው ሰንሰለት ጥቅሙ እዚህ ነው፦ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፤ ካርዱ ሲበላሽ እሱኑ መልሰህ ታስገባለህ፣ ሴንሰሮቹም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላሉ። ሌላም አለ፦ ፓይው ላይ የሞባይል ሞደም ከሰካህ ሲነሣ የዶንግሉና የሞደሙ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በመለያው በሚጠራው ቋሚ መንገድ አስገባው።

ተሠርቶ የሚሸጠውን ልግዛ ወይ ላልከው፣ ዓላማህ ከሱቅ የገዛሃቸውን አምፖሎች ማብራት ከሆነ ግዛ፤ የአፕል ሆምፖድ ሚኒም ሆነ የጉግል ሁለተኛው ትውልድ ኔስት ሀብ ይህን ሥራ ይሠራሉ። የራስህን ሴንሰር የምትሠራ ከሆነ ግን እነዚያ ሳጥኖች ሲታመሙ ከፍተህ የምታየው ነገር የለም፤ ፓይው ይሻልሃል።

ዛሬ ማታ ሞክርና ፓይው ላይ ያደረግከውን ፒንግ ውጤትና የላፕቶፑን መንገድ ሰንጠረዥ እዚሁ ለጥፍልኝ። ቁልፉን አይደለም።