ቢንያም ወድቆ ሰዓቱ ሳይነካ ነጥቡ ለምን ቀረበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የቱር ደ ፍራንስን የብስክሌት ውድድር የተከታተልነው አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ከዝናብ ተጠልለን ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ኒም ወደምትባለው ከተማ ሊገባ ሲል ሲወድቅ ካፌው በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ወዳጆቼ እየተከራከሩ ነው። አንዱ «ሰዓቱ አልተነካበትም» ይላል፤ ሌላው «ነጥቡን ተበልቷል» ይላል። የትኛው ነው ልክ? ደግሞስ ሦስት ቀን ያሸነፈ ሰው የጠቅላላው ውድድር አሸናፊ ሳይሆን የቀረው ለምንድን ነው? (የዘወትር አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለቱም ወዳጆችዎ ልክ ናቸው። ክርክሩ ያላባራው ስለ ሁለት ሂሳብ እየተናገሩ አንድ ሂሳብ ስለ መሰላቸው ነው።

ያ ውድድር ሰኔ 22 ቀን ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ተነሥቶ ሐምሌ 14 ቀን በፈረንሳይዋ ኒስ ተጠናቀቀ። 22 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 8 ሰው አሰልፈው 21 የዕለት ውድድሮች አካሂደዋል። ተወዳዳሪው በየዕለቱ የፈጀበት ሰዓት ይደመርና ድምሩ ከሁሉም ያነሰው ቢጫውን ማሊያ ይለብሳል፤ የቱር አሸናፊ የሚባለውም እርሱ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአረንጓዴው ማሊያ የሚያዝ ሌላ መዝገብ አለ። በዚህኛው መዝገብ ሰዓት አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በየዕለቱ መስመሩን ያለፉበት ተራ ነው። ሜዳማ በሆነ ቀን አንደኛ የወጣ 50 ነጥብ ሲያገኝ፣ በከባድ ተራራ ቀን አንደኛ የወጣ 20 ብቻ ያገኛል፤ በየመንገዱ መካከል በሚሰመረው የፍጥነት መስመር ላይ ቀድሞ ያለፈም እንዲሁ 20 ነጥብ ይያዝለታል። አከፋፈሉ ሆን ተብሎ ለፈጣኖቹ እንዲያደላ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ኒም እንመለስ። ቢንያም የወደቀው መድረሻው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። በሜዳማ ቀን ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው ወደ ከተማ ሲገቡ መውደቅ ስለሚበዛ፣ ደንቡ በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የወደቀ ወይም ብስክሌቱ የተበላሸበት ተወዳዳሪ አብሮት ከነበረው ስብስብ እኩል ሰዓት እንዲያዝለት ይፈቅዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወዳጅዎ እንዳለው ሰዓቱ አልተነካም። ይህ ምሕረት ግን ለሰዓት እንጂ ለተራ አይሠራም፤ ያልደረሱበት ተራ አይሰጥም። ቢንያም ክርኑንና ጉልበቱን ቆስሎ ከኋላ ሲገባ፣ ዋናው ተፎካካሪው ቤልጅየማዊው ያስፐር ፊሊፕሰን አሸንፎ ሙሉውን 50 ነጥብ ወሰደ። ቢንያም በአረንጓዴው ማሊያ መዝገብ ይመራበት የነበረውም ልዩነት ወደ 32 ነጥብ ወረደ። ሁለተኛውም ወዳጅዎ እንግዲህ ልክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነውን አንድ ነገር ልጨምር። በሌላው ዓመት ቢሆን 32 ነጥብ እንቅልፍ የሚያስወስድ ልዩነት አልነበረም። ቱር ደ ፍራንስ በልማድ የሚያበቃው ፓሪስ ላይ፣ ሻንዜሊዜ በሚባለው ሰፊ ጎዳና በሚደረግ የፍጥነት ፍልሚያ ሲሆን፣ ያ አንድ ቀን ብቻውን ለአንደኛው 50 ነጥብ ያስገኛል። በዚያ ክረምት ግን ፓሪስ ለኦሎምፒክ ዝግጅት ስለተያዘች ውድድሩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፓሪስና ከአካባቢዋ ውጭ ተጠናቀቀ፤ የመጨረሻው ቀንም ከሞናኮ እስከ ኒስ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት 33.7 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከኒም በኋላ የቀሩት አምስት ቀናት ሦስቱ ተራራ፣ አንዱ ኮረብታማ፣ አንዱ የብቻ ግልቢያ ነበሩ ማለት ነው። ለፊሊፕሰን የቀረለት በየመንገዱ መካከል የሚገኘውን ነጥብ መልቀም ብቻ ሲሆን፣ ቢንያምም ቁስሉን አሽጎ እየተከታተለ አላስለቀመውም። መጨረሻ ላይ ቢንያም 387 ለ354 በልጦ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። በእኔ ግምት ያን ማሊያ ያተረፈው የእርሱ እግር ብቻ ሳይሆን የኦሎምፒኩም ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ይህ ድሉን የሚያሳንስ እንዳይመስልብኝ እንጂ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከሰው ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በብስክሌት የወጣ ሰው ነገሩን በጉልበቱ ያውቀዋል። እኔ ባለፈው ሳምንት ስሞክረው ፖስታ ቤቱ ጋ ማርሽ ስለውጥ ካቴናው ወለቀና በጥቁር ቅባት የተለወሰ እጄን ይዤ እየገፋሁ ወጣሁ፤ አንድ ቀጭን ልጅ ግን ከመቀመጫው እንኳ ሳይነሣ አልፎኝ ሄደ። ዳገት ላይ የሚወጣው የራስን ክብደት ተሸክሞ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ይቆጠራል። ሜዳ ላይ ግን ዋናው ጠላት ነፋስ ነው፤ ፈጣኑ ሰው እስከ መጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ድረስ በጓደኞቹ ጀርባ ተሸሽጎ ይመጣና የቆጠበውን ጉልበት በአንዴ ያፈነዳዋል። ለዚያ ደንዳና ጭን ያስፈልጋል፤ ያ ጭን ደግሞ አልፕስ ላይ ሸክም ነው።

ስለዚህ የቢንያም ዓይነት ሰው በተራራ ቀን ለማሸነፍ አይደክምም። ከአሸናፊው ሰዓት ተሰልቶ የሚወጣ የመግቢያ ገደብ አለና ያን ላለማለፍ ብቻ ከመሰሎቹ ጋር ተሰባስቦ ከኋላ ይገባል። ያ ገደብ ቀልድ እንዳልሆነ ብሪታኒያዊው ፈጣን ማርክ ካቨንዲሽ በመጀመሪያው ቀን አይቶታል፤ በሙቀቱ ታምሞ እያስመለሰው 39 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ በጭንቅ ገባ። በአምስተኛው ቀን ግን አሸንፎ 35ኛ የዕለት ድሉን አስመዘገበና የቤልጅየማዊውን የኤዲ መርክስን የ34 ድል ክብረ ወሰን አለፈ። የቢጫው ማሊያ ባለቤት ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር፣ ስድስት የዕለት ውድድር አሸንፎ ዮናስ ቪንገጎርድን በ6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ በልጧል። ቢንያም በሰዓቱ መዝገብ ከእርሱ ብዙ ሰዓታት ወደ ኋላ ነበር፤ ይህም ምንም አላጎደለበትም።

ጥያቄ፦ ቢንያም ግርማይና የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ወንድማማቾች ናቸው? ደግሞ ቢንያም በቱር ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድማማቾች አይደሉም፤ ግርማይ የሚለው መጠሪያ ተገጣጥሞ ነው። ቢንያም የአስመራ፣ ጽጋቡ የመቀሌ ልጅ ሲሆን፣ ጽጋቡ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ግራ የሚያጋባው የአውሮፓውያን አጠራር ነው። እነርሱ የሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሚያደርጉት፣ ልጁ መስመሩን ሲያቋርጥ ድፍን አውሮፓ «ግርማይ! ግርማይ!» እያለ የሚጮኸው ቤቱ ተቀምጠው የሚያዩትን አባትየውን ነው።

ስለ ቀዳሚነቱ ከሆነ፣ አንዲት ቃል ጎድላለች። ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ሃንተር በ2007 (እ.ኤ.አ.) አንድ የዕለት ውድድር አሸንፏል፤ እንግዲህ ቢንያም የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው ማለት ይሻላል። ያም የሆነው ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከፒያቼንሳ እስከ ቶሪኖ በተደረገው የ230.8 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። ሰኔ 29 እና ሐምሌ 4 ደገመው፣ ሠለሰው። ከእርሱ በፊት የአገሩ ልጅ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለተራራ ወጪዎች የሚሰጠውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ የለበሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

ጥያቄ፦ በዚያ ውድድር የወጡት ትልቁ ተራራ ከእንጦጦ ይበልጣል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በከፍታ አይበልጥም። ከሁሉም ከፍተኛው በ19ኛው ቀን የወጡት ቦኔት ሲሆን 2,802 ሜትር ነው፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ የሚነሡበት ቦታ ነው። እኛ ከመስቀል አደባባይ ስንነሣ አስቀድመን ከ2,300 ሜትር በላይ ቆመናል፤ እነርሱ ግን ወደ ቦኔት የወጡት በ22.9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,500 ሜትር የሚያህል ከፍታ ጨምረው ነው፤ ወደ እንጦጦ የምንጨምረው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። እነርሱ ደግሞ ከቦኔት በፊት ቫርስ የሚባለውን ተራራ ወጥተው ነበር፤ ከቦኔት ከወረዱ በኋላም ኢዞላ 2000 እስከሚባለው መድረሻ ድረስ ሌላ ዳገት ይጠብቃቸው ነበር።