«መንግሥት ተዘጋ» ሲባል ቤታችን የሚደርሰው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በበጀት ክፍል እሠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2018 እና በ2025 መንግሥት ሲዘጋ እዚያው ነበርኩ። የፓርቲውን ጠብ ለቴሌቪዥን ትተን ኪስ ስለሚነካው ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ነገር፣ መንግሥት እንዴት ይዘጋል? አገር ቤት ላለ ሰው ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ እናቴም በ2013 በሌሊት ደውላ «ምነው፣ ምን ተነሣባችሁ?» ብላኛለች። መንግሥት ፈረሰ ማለት አይደለም። እኛ አገር የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚገባው እዚህ ኦክቶበር 1 ይገባል። ኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ምክር ቤት፣ እስከዚያ የበጀት ሕጉን ካላጸደቀ ወይም ፕሬዝዳንቱ ካልፈረመ፣ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ማውጣት አይችሉም። የሚገርመው፣ ድሮ በጀት ቢዘገይም ሥራው ይቀጥል ነበር። በ1980 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ያልጸደቀ ገንዘብ ማውጣትን የሚከለክለውን የቆየ ሕግ አጥብቀው ተረጎሙትና በሩ መዘጋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚዘጋው ሁለቱ ፓርቲዎች ሥልጣን ሲካፈሉ ነው አይደል? ሁሉንም ለአንዱ ብንሰጥስ?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በ1995 መጨረሻ ለ21 ቀን የተዘጋው ክሊንተን ዋይት ሃውስ፣ ሪፐብሊካኖች ደግሞ ኮንግረሱን ይዘው ሲጓተቱ ነው። ግን በዲሴምበር 2018 ሲዘጋ ሁሉም በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፤ በ2025ም እንደዚያው። ቋጠሮው ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው ሴኔት ላይ ነው። ከ100 መቀመጫ 60 ድምፅ ካልተገኘ አብዛኛው ሕግ ለውሳኔ አይቀርብም። 53 ያለው ፓርቲ አሸናፊ ነው፣ ግን ብቻውን በጀት አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ናት። ያለ ደመወዝ የሠራችው ይከፈላታል?

መልስ፦ ይከፈላታል። በ2019 የወጣ ሕግ አለ፤ የሠራም፣ ቤት ቁጭ በል የተባለም ውዝፉ ይሰጠዋል። ችግሩ መቼ ነው። በ2018/19 35 ቀን፣ በ2025 43 ቀን ፈጅቷል። የደመወዜን ወረቀት ስከፍት 0 ዶላር የሚል አይቼ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የቤቱ ዕዳ፣ ሞርጌጁ፣ ግን በቀኑ መጣ።

ጥያቄ፦ እኔ የፌዴራል ሕንፃ ነው የማጸዳው፣ በኮንትራት ድርጅት በኩል። ሕጉ እኔን ያካትታል?

መልስ፦ አያካትትም፣ እህቴ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው። በእኛ ፎቅ ማታ ማታ የምታጸዳ አንዲት የጎንደር ሴት ነበረች፤ በጾም ቆሎ እየያዘች ትመጣለች። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ሥራ ስንመለስ እኔ ቤቴ ሻይ እየጠጣሁ የዋልኩበት ሁሉ ተከፈለኝ። እሷ ለዚያ 35 ቀን አምስት ሳንቲም አላገኘችም። «አንተ ዕረፍት ወጣህ፣ እኔ ዕዳ ገባሁ» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ጥበቃዎቹም፣ ካፍቴሪያ ያሉትም እንደዚሁ ናቸው። ኮንግረስ ውስጥ ለእነሱም ይከፈል የሚል ረቂቅ በየጊዜው ይቀርባል፣ አላለፈም። ስለዚህ ሥራ በቆመበት በመጀመሪያው ቀን ለስቴቱ አንኤምፕሎይመንት (ለሥራ አጥ የሚሰጠው ክፍያ) አመልክቺ። ውዝፍ የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ ያንን ገንዘብ መመለስ አለበት፤ ውዝፍ የማይከፈልሽ አንቺ ግን በዚያ ምክንያት የምትመልሺው የለም።

ጥያቄ፦ ፉድ ስታምፕና የአባቴ ሶሻል ሴኩሪቲስ?

መልስ፦ የአባትህ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታው፣ አይነካም፤ ገንዘቡ ከዓመታዊው በጀት ጋር አይታሰርም። ፉድ ስታምፕ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የምግብ እርዳታ፣ ግን ይታሰራል። 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚበላበት ነው፤ የኖቬምበር 2025ቱ በቀኑ ሳይገባ ቀረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ቨርጂኒያ ከራሷ ካዝና በየሳምንቱ እየከፋፈለች ሰጠች። አንዳንድ ስቴት ያንንም አላደረገም።

ጥያቄ፦ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይቆማል?

መልስ፦ የዜግነት ማመልከቻ በምንከፍለው ክፍያ ስለሚሠራ በአብዛኛው ይቀጥላል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን በ2018/19 ያልታሰሩ ሰዎችን ቀጠሮ ሰርዞ ነበር። ዓመታት ጠብቆ ተራው የደረሰው ሰው እንደገና ወረፋ ገባ።

ጥያቄ፦ እህቴ እስራኤል ናት፤ እዚያም እንዲህ ይዘጋል?

መልስ፦ አይዘጋም። እዚያ በጀት በጊዜው ካልጸደቀ የሚፈርሰው ክኔሴት፣ ማለትም ፓርላማው ራሱ ነው፣ ምርጫም ይጠራል፤ በዲሴምበር 2020 ሆኗል። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 አምስት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። አዲስ በጀት እስኪጸድቅ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ያለፈውን በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛ እያወጣ ይቀጥላል። ደመወዝ አይቀርም፣ አዲስ ነገር ግን አይጀመርም፤ አዲስ ፕሮግራም የሚጠብቅ መጠበቁን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ዕቁብ ገብቻለሁ። ደመወዜ ቢቆም ምን ልበል?

መልስ፦ ሳይደርስ ለዳኛው ንገር። አከራይህንም እንደዚያው፤ መሥሪያ ቤትህ ደመወዝ መቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጥሃል፣ አሳያቸው። የእኛ ዕቁብ በጃንዋሪ 2019 ዕጣ ማውጣቱን ትቶ ደመወዝ ለቆመበት ሰው ቅድሚያ ሰጠ። አንድ ሰው ብቻ አኩርፏል፤ እሱም ኋላ መጥቶ ቡና ጠጣ።