ለበግ ጠባቂ ውሻ ገበያ የማያስወጣ ቀለብ

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከአንድ በግ አርቢ ነው።

«ሌሊት ከጅብ፣ ቀን ከቀበሮ በጎቼን የሚጠብቁልኝ ሁለት ውሾች አሉኝ። የሚበሉት የተረፈ እንጀራ ነው። በግ ሲታረድ ሳንባውንና ጭንቅላቱን እንጥልላቸዋለን። አንደኛው ክፉኛ ከስቷል፤ ጸጉሩም ይረግፋል። አዲስ አበባ ያለው ልጄ የታሸገ የውሻ ምግብ አለ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ተውኩት። እህሉም ለእኛው ተወዷል። ብዙ ሳላወጣ ምን ልስጣቸው?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የታሸገውን መተውዎ አግባብ ነው። ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ግን በግ ለሚጠብቅ ውሻ ቀለብ በግ መሸጥ የለብዎትም። የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እቤትዎ አለ።

ምን እንደሚሰጧቸው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ሳንባውና ስለ ጭንቅላቱ እንነጋገር። ጥሬውን መጣል ዛሬውኑ ያቁሙ። ከእንጀራው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

በመንደርዎ አዙሪት የያዘው በግ ሳያዩ አይቀሩም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በአንድ ቦታ ይዞራል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። የዚያን በግ ጭንቅላት ቢፈልጡት አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያገኛሉ። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ የኮሶ ትል ዓይነት ትል ያድጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር እየወጣ ግጦሹ ላይ ይበተናል። ሌላው በግ ሣሩን ሲግጥ ይወስደዋል፤ እሱም በተራው አዙሪት ይይዘዋል። በነጻ የተሰጠ የሚመስለው ጭንቅላት በግ ያስከፍላል ማለት ነው።

ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢትም እንዲሁ ነው። እሱ ግን ከበግ አልፎ ለሰውም ይተርፋል። ልጆች ውሻውን ሲዳብሱ ጸጉሩ ላይ ያለው የትል እንቁላል እጃቸው ላይ ይቀራል፤ ሳይታጠቡ ሲበሉ ወደ ሆድ ይገባል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ያድግና ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ታዲያ ሳንባው ይቅበር ማለቴ አይደለም። ከረጢት ያለበትን ክፍል ቆርጠው ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩ። የቀረውን ሳንባ፣ ጣፊያ፣ አንጀትና ጨጓራ ትንንሽ አድርገው ከትፈው ይቀቅሉ። ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው ይባላል። መንዝ ግን ደጋ ነው፤ እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ አንድ ሰዓት ይሁን። ጭንቅላቱን እንዳለ መቀቀል ማገዶ ይፈጃል፤ አንጎሉን አውጥተው ይቅበሩትና ሥጋውን ብቻ ይቀቅሉ። ላም ወይም በግ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን፣ ስታስወርድም የወጣውን ለውሻ አይስጡ። እሱም የራሱን በሽታ ይዞ ወደ መንጋው ይመለሳል።

አሁን ወደ ቀለቡ። የእርስዎ ውሾች የጎደላቸው በዋናነት ገንቢ ምግብ ነው። እንጀራ ጉልበት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ሥጋና ጸጉር አይሠራም። ውሻ እንደ ድመት ሥጋ ካልበላ የሚሞት እንስሳ አይደለም፤ የበሰለ እህልና ጥራጥሬ በደንብ ይፈጨዋል። እናንተ ጋ ገብስና ባቄላ አለ። ሁለት እጅ የገብስ ቅንጬ፣ አንድ እጅ የባቄላ ክክ አድርገው እስኪፈርስ ያብስሉት። ክኩ ጠንከር ካለ ሆዱን ይነፋዋል፤ ከዋዜማው መዘፍዘፍ ማገዶም ይቆጥባል። ባቄላ ከተወደደ ተሰባብሮ በርካሽ የሚሸጠውን ይግዙ፤ ውሻ መልክ አይመርጥም። ጓያውን ግን ይተዉት፤ አዘውትሮ ሲበላ ሰውንም ከብትንም ሽባ እንደሚያደርግ ያውቃሉ።

20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከማብሰልዎ በፊት የተመዘነ 300 ግራም ገደማ ድብልቅ ለቀኑ ይበቃል። የተረፈ እንጀራ ካለ ከእህሉ ቀንሰው በእንጀራው ይተኩት። እህልና ክክ ብቻውን ትንሽ ይጎድለዋል፤ ያንን የሚሞላው የተቀቀለው የሆድ ዕቃ ነው። በተገኘ ቀን አንድ ጭብጥ ጨምሩበት፤ ጉበት ከሆነ ትንሽ ብቻ። በማይታረድበት ሰሞን ደግሞ አሬራ ወይም አጓት አለ። የሚገርመው፣ ውሻው ገንቢ ምግብ የሚያጣው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ነው፤ አሬራውን የሚጠጣ ሰው የሌለውም ያኔ ነው! ለጥጃ ከሚሄደው ላይ አንድ ጣሳ ለውሾቹ ያካፍሉ። ሆዳቸው እንዳይላላ በትንሹ ጀምረው እየጨመሩ ይሂዱ። እንቁላሉን ይሽጡት፤ ዋጋው ከባቄላ ጋር አይወዳደርም። ቅርፊቱን ግን አይጣሉ። ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ተቆልቶ፣ ልሞ ሲወቀጥ ለአጥንት የሚሆነውን ካልሲየም ይሰጣል። በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው።

የሚሰጡትን ያህል የማይሰጡትንም ይወቁ። አንደኛው ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል፤ ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። ለ20 ኪሎ ውሻ በአንድ ቀን 100 ግራም ሽንኩርት፣ አንድ ትልቅ ራስ እንደማለት ነው፣ አደገኛ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባም ይጠራቀማል። ስለዚህ እንጀራውን ወጥ ካልነካው ጫፍ ይስጡ እንጂ ከድስቱ ሥር የተረፈውን ቁሌት አይጠራርጉበት። አተላውን ለላሟ ይተዉት፤ የአልኮሉ ቅሪት ለውሻ አይሆንም። ያልተጋገረ ሊጥም ሆዱ ውስጥ ይቦካል፣ ይነፋል። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ እሾህ ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። የሻገተ እህል ደግሞ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ጉበት ይገድላል፤ መቀቀልም አያጠፋውም።

ብዙ ሰው «የጠገበ ውሻ አይጠብቅም» ይላል። አልስማማም። የተራበ ውሻ ሌሊት በረቱን ጥሎ ጥንብ ፍለጋ ይሄዳል። እዚያ ከሌላ ውሻ ጋር ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታም ትልም ይዞ ይመለሳል። ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ዋናውን ይስጡ። መጠኑን ጎኑ ይነግርዎታል፤ በእጅ ሲዳብሱት ጎድኑ ከቆዳው ሥር በቀላሉ ይሰማ፣ ከሩቅ ግን ተቆጥሮ አይታይ። ንጹሕ ውሃም ከአጠገባቸው አይጥፋ።

የከሳውን ውሻ ግን በምግብ ብቻ አይሞክሩት። ትል ካለበት ባቄላውን የሚቀልቡት ለትሉ ነው። ጸጉሩ የሚረግፈውም የቆዳ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የራሱ ሕክምና አለው። ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሁለቱንም ይውሰዱ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በክብደታቸው ልክ ያሰጡ። ለበግ የሚገዙት የትል መድኃኒት ለዚህ አይሆንም። ጥሬ የሆድ ዕቃ ሲበሉ ለኖሩ ውሾች የሚመከረው በየ6 ሳምንቱ መድገም ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይሁን። ከተሰጣቸው በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን አስረው ያቆዩና ዓይነ ምድሩን ሰብስበው ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ አለዚያ የሚወጣው ትል ተመልሶ ግጦሹ ላይ ነው። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ካለ ያስከትቡ፤ ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል።

ሴት ውሻ ካለችዎ ስታጠባ ከወትሮው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ትበላለች፤ አትቆጧት። ቡችሎቹ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቅንጬውን ላላ ተደርጎ መላስ ይችላሉ። ለእነሱ ገብሱንና ክኩን እኩል ያድርጉ፣ አሬራ ያክሉበት፣ በቀን 3 ጊዜ ይስጡ። እንቁላሉንም ቢሆን ለቡችሎች ሲሆን አይሽጡት፤ በሳምንት ሁለት ሦስቱን ቀቅለው ያካፍሏቸው።