የኤጀንት መሣሪያ መግለጫ ጥራት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለአንድ ክሊኒክ በአማርኛ ቀጠሮ የሚይዝ የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም የተጠየቀውን ሥራ በራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም፣ እየሠራን ነው። ኤጀንቱ የሚጠቀምባቸው 14 መሣሪያዎች (ሥራ ለመፈጸም የሚጠራቸው የኮድ ተግባራት) ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ መግለጫ ጽፈናል። መግለጫዎቹን ለሌላ የኤአይ ሞዴል አቅርበን ከ10 ነጥብ እንዲሰጣቸው ብንጠይቀው ለሁሉም 8 እና 9 ሰጣቸው። በሙከራ ሥራ ላይ ግን ኤጀንቱ «ቀጠሮ አለኝ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አዲስ ቀጠሮ ይይዛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት እናት ለጠዋት 3 ሰዓት የጠየቁትን ቀጠሮ ለሌሊት 9 ሰዓት መዝግቦት አገኘነው። ነጥቡ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ሥራው የተበላሸው ለምንድን ነው? የመግለጫ ጥራትስ በምን ይለካል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ነጥብ የሰጠው ሞዴል የተጠየቀውን ፈጽሟል፤ የተጠየቀው ግን እናንተ ማወቅ የፈለጋችሁትን አልነበረም። መግለጫ አንብቦ ነጥብ እንዲሰጥ የታዘዘ ዳኛ የሚመዝነው የጽሑፉን አቀራረብ ነው፤ ከጽሑፉ ምን እንደጎደለ እንዲፈልግ አልተጠየቀም። እናንተም ብትሆኑ መሣሪያውን የሠራችሁት ራሳችሁ ስለሆናችሁ፣ የጎደለውን ሳይታወቃችሁ ከአእምሯችሁ እየሞላችሁ ነው የምታነቡት። ኤጀንቱ ግን ኮዱን አያይም። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ባስተዋወቀው ተግባራትን የመጥራት ዘዴም ሆነ አንትሮፒክ በ2024 ይፋ ባደረገው፣ ሞዴሎችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ ሞዴሉ መሣሪያ የሚመርጠው በዋናነት ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ፓራሜትሮች (እንደ ቀንና ሰዓት ያሉ የሚሞሉ መረጃዎች) ዝርዝር አይቶ ነው። ስለዚህ መግለጫው ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታየው ኤጀንቱ ካነበበው በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው።

የሌሊቱን ቀጠሮ እንመልከት። ከደብዳቤዎ ጋር በላኩልን ናሙና ላይ የሰዓቱ ፓራሜትር «የቀጠሮው ሰዓት» ተብሎ ብቻ ተገልጿል። አማርኛው እንከን የለውም፤ ነገር ግን የማን ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። እናትየዋ እንደማንኛችንም ከንጋት ጀምረው ቆጥረው 3 ሰዓት አሉ፤ ኤጀንቱ ቁጥሩን ሳይለውጥ 03:00 ብሎ አስተላለፈ፤ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረው የክሊኒኩ ሥርዓት ደግሞ ይህንን በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት አደረገው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሰጥ። ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ አስቀድሞ ይለወጥ፤ ለምሳሌ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት 3 ሰዓት ማለት 2025-09-15፣ 09:00 ነው። ጠዋት ይሁን ማታ ካልተለየ ተጠቃሚው ይጠየቅ።» ከዚህም የሚሻለው ግን የዘመን አቆጣጠር ልወጣውን ለኮዱ መተው ነው፤ ጳጉሜንና የሠግር ዓመትን በጽሑፍ ብቻ ለሞዴል አስረድቶ ሁልጊዜ በትክክል ያሰላልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። መግለጫ በማሳመር የማይድን ጉድለት አለ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይለያል። «የታካሚን ቀጠሮ ያስተናግዳል» የሚለው መግለጫ ለብቻው ሲነበብ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ከጎኑ «የቀጠሮ መረጃ ይሰጣል» የሚል ሌላ መሣሪያ ሲቀመጥ ግን ሁለቱን የሚለያቸው ነገር ይጠፋል። አንዱ መዝገብ እንደሚለውጥ፣ ሌላው አይቶ ብቻ እንደሚመለስ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው ተጠቃሚው አዲስ ቀጠሮ እንዲያዝለት በግልጽ ካልጠየቀ መጠራት እንደሌለበት በመግለጫዎቹ ውስጥ መስፈር አለበት። መግለጫዎችን አንድ በአንድ እየነጠሉ ነጥብ መስጠት ይህን ዓይነቱን መደራረብ ፈጽሞ አያሳይም።

ልኬቱን በተመለከተ፣ ደንበኞች በእርግጥ ከጻፏቸው መልእክቶች 50 ያህሉን ስምና ስልክ ቁጥር አጥፍታችሁ ሰብስቡ፤ በየአንዳንዱም ትይዩ የትኛው መሣሪያ፣ በምን እሴት መጠራት እንዳለበት አስቀድማችሁ ጻፉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ከሚል የዘለለ ነገር የሌለበትን፣ ማለትም ምንም መሣሪያ መጠራት የሌለበትን መልእክት፣ እንዲሁም ኤጀንቱ መልሶ መጠየቅ ያለበትን አትርሱ። ሞዴሉ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ስለማይሰጥ እያንዳንዱን ደጋግማችሁ አስኪዱ። ውጤቱን ስትቆጥሩ የመሣሪያ ምርጫን፣ የእሴት አሞላልንና መታቀብን (መሣሪያ መጥራት በማያስፈልግበት ጊዜ አለመጥራትን) ለየብቻ ያዙ፤ ምርጫው ከተሳሳተ የመሣሪያውን መግለጫ፣ እሴቱ ከተሳሳተ የፓራሜትሩን መግለጫ መጀመሪያ እንድትመረምሩ ይጠቁማችኋል። አንድ መግለጫ ባሻሻላችሁ ቁጥር ፈተናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድገሙት፤ የአንዱ መግለጫ መጠንከር የጎረቤቱን ጥሪ ሲነጥቅበት ብዙ ጊዜ ይታያል። ከመልእክቶቹም ጥቂቶቹን ለመጨረሻው ፈተና አስቀርታችሁ እስከዚያ አትንኳቸው፤ አለበለዚያ መግለጫዎቹን የምትጽፉት ለ50ዎቹ ጥያቄዎች ብቻ ይሆናል።

ዳኛው ሞዴል ግን ከነጭራሹ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። «ይህን ጥሪ በትክክል ለመፈጸም ያልተነገረህ ነገር ምንድን ነው?» ወይም «ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጠቃሚ መልስ ይሰጣል፤ በግምት ከመለሰ ክፍተቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ነጥብ ስጥ ሲባል ግን ረዘም ላለ ጽሑፍ የማድላት ልማድ አለው፤ ርዝመት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። መግለጫዎች ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብረው ይላካሉና፣ ብዙዎቹ ሞዴሎችም የአማርኛን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በበለጠ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆራርጥባቸውና ክፍያ የሚታሰብባቸው ቁርጥራጮች) ስለሚከፋፍሉት፣ ወጪው ቶሎ ይሰማችኋል። በበኩሌ ዋናውን መግለጫ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ «ማታ ለ1 ሰዓት» የመሳሰሉትን የደንበኛ አነጋገሮች በአማርኛ እንደ ምሳሌ መጨመርን እመርጣለሁ፤ ለእናንተ የትኛው እንደሚሻል ግን ያው ፈተና ይነግራችኋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ የክሊኒኩን መዝገብ ፈትሹ። ሌሊት ላይ የተያዙት ቀጠሮዎች ራሳቸውን ስለሚያጋልጡ አያሳስቡም፤ የሚያሳስበው ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ተጠይቆ 08:00 የተባለው ነው። እሱ በመዝገቡ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ሆኖ ስለሚታይ፣ ታካሚው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ተራህ አልፏል እስኪባል ድረስ ማንም አይጠረጥረውም።