«ዲፈረንሻሉን ባስቀይር መኪናዬ ጉልበት ይጨምራል?»

ጥያቄ፦ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ እህል አመላልስበታለሁ። አምና ከመሬት ከፍ እንዲልልኝ ብዬ 205 ጎማዎቹን አውጥቼ 265/75 ባለ 16 አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ የዓባይን ዳገት ስወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይደክማል፤ ወደ ሁለተኛ ስመልሰው ደግሞ ይጮኻል። ጭነት ካለ አምስተኛ ማርሽ ከነጭራሹ አይሠራልኝም። መካኒኬ ዲፈረንሻሉ 4.1 ስለሆነ በ4.875 ቢቀየር ጉልበት ይጨምራል ይለኛል። እውነት ነው? አስፋልት ላይስ አይጎዳኝም?
የደብረ ማርቆስ አንባቢ

መልስ፦ ሞተርዎ የሚያመነጨው ጉልበት በቅንጣት አይጨምርም። የሚጨምረው ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት ነው፤ ዋጋው ደግሞ በፍጥነት ይከፈላል። 4.1 የሚባለው በዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ከካምቢዮ የሚመጣውን ዙር ቀንሶ ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ፣ ትልቁ የጥርስ ቀለበት 41፣ የሚያዞረው ፒኞን 10 ጥርስ ስላላቸው ነው። 4.875 ደግሞ 39 ለ8 ነው። ቢያስቀይሩት በየማርሹ 19 በመቶ ያህል ተጨማሪ ግፊት ያገኛሉ፤ እያንዳንዱ ማርሽ ግን ከበፊቱ 16 በመቶ ባነሰ ፍጥነት ላይ ያልቅብዎታል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ዲፈረንሻሉ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው በቁመት ከ8 በመቶ በላይ ይበልጣል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ሳያውቁት ማርሾቹን ሁሉ በዚያው መጠን አክብደዋቸዋል። የዓባይ ዳገት የሚያሳይዎት ይህንኑ ነው። የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ 2.14፣ ሦስተኛው 1.4 ገደማ ነው። በ4.1 ሲባዙ 8.8 እና 5.7 ይሆናሉ፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ያን ያህል ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። መኪናዎ የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው፤ በፋብሪካው ጎማ ሦስተኛው ማርሽ አሁን ባለው ጎማ ሲሰላ 6.2 እንደማለት ነበር። የጠፋብዎት ያ ልዩነት ነው።

አየሩም አለበት። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ ማለትም ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ከባሕር ጠለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሸለቆው ውስጥ ድልድዩ ዘንድ ሻል ይላል፤ ዳገቱን በወጣ ቁጥር ግን አየሩ እየሳሳ ይሄድበታል። ስለዚህ በእኛ ደጋ አጠር ያለ (ቁጥሩ ከፍ ያለ) ዲፈረንሻል መፈለግ ቅንጦት አይደለም፤ መካኒክዎ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። እኔ የማልስማማው ከመጠኑ ጋር ነው።

አስፋልቱን እንመልከት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በአምስተኛ ማርሽ ሲነዱ፣ በፋብሪካው ጎማ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ያህል ይዞር ነበር። አሁን ወደ 2,300 ወርዷል፤ በ80 ደግሞ 1,850 አካባቢ ነው። ይህ ሞተር ደህና አድርጎ መሳብ የሚጀምረው ወደ 2,400 ሲጠጋ ስለሆነ፣ ጭነት ይዞ በአምስተኛ መድከሙ አይግረምዎት። 4.875 ቢያስገቡ በ100 ላይ ወደ 2,750 ይወጣል። ሞተሩ አይጎዳም፤ ነገር ግን ረጅም መንገድ ላይ ጩኸቱ ይሰለቻል፣ በተስተካከለ ሜዳ ናፍጣም ይጨምራል።

ይህን ያለ ምንም ወጪ መሞከር ይቻላል። የመኪናዎ አምስተኛ ማርሽ 0.85 ገደማ ነው፤ 4.875 በዚህ ሲባዛ 4.14 ይሆናል። አራተኛ ማርሽ ራሱ 1 ስለሆነ፣ የዛሬው አራተኛ ማርሽዎ 4.1 ነው። አዲሱ አምስተኛ የዛሬው አራተኛ ማለት ነው! እንግዲህ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሜዳው ላይ በሚነዱበት ፍጥነት አራተኛ ላይ ብቻ ይንዱና ጆሮዎ ይፍረድ። ከዚያ በላይ ሞተሩ የሚያርፍበት ማርሽ አይኖርዎትም።

የእኔ ምክር መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ጎማ ይመለሱ የሚል ነው። ትልቅ ጎማ ፍሬንንም ያዳክማል፤ እህል ጭኖ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ ሰው ይህን በቀላሉ አላየውም። ከፍታው ለመንገድዎ የግድ ከሆነ 4.556 ያስገቡ፤ 41 ለ9 ነው። ሦስተኛው ማርሽ 6.4 ይሆናል፣ በ100 ላይ ሞተሩ 2,580 አካባቢ ይዞራል፤ ፋብሪካው ካሰበው ብዙም አይርቅም። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን ከአሁኑ በተሻለ ይይዝልዎታል። 4.875ን የምመክረው ዓመቱን ሙሉ ከነጭነቱ ገደል ለሚወጣና አስፋልት ለማይናፍቀው ሰው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ቁጥር መሆን አለባቸው። የኋላውን ብቻ ቀይረው በደረቅ መንገድ አራቱንም ጎማ ቢያስገቡ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እየተጓተቱ አንድ ነገር ይሰብራሉ። ፒኞኑንና ቀለበቱንም ከተለያየ መኪና አያጋቡ፤ በፋብሪካ ተጣምረው የተፈተጉ ናቸው፣ ሲነጣጠሉ ይጮኻሉ ከዚያም ይበላሉ። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሙሉውን ከነቤቱ ይግዙ፤ ገዝተው ከመውጣትዎ በፊትም ጥርሶቹን ራስዎ ይቁጠሩ።

የፍጥነት ቆጣሪው መረጃውን የሚወስደው ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሆነ፣ ዛሬ 80 ሲያሳይዎት እውነተኛው ፍጥነት ወደ 87 ነው። በ4.875 ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ 80 ሲል 73 ይሄዳሉ። በ4.556 ከሆነ 80 ሲል 78 ገደማ ነው።