የጀርባውን ቀለበት ወደ ወገብ ስለማዛወር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሱሉልታ ያለውን የቤተሰብህን ባሕር ዛፍ ለመመልመል ከምናለሽ ተራ ያገለገለ የሕንፃ ሠራተኛ ቀበቶ፣ ሴፍቲ ቤልት የምንለውን ማለት ነው፣ ገዝተሃል። ቀለበቱ ያለው ጀርባው ላይ ስለሆነ ግንዱን ይዞ ለመሥራት አልተመቸህም። ስለዚህ ሸራ ሰፊ ዘንድ ወስደህ በወገቡ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት ልታሰፋበት አስበሃል። «ከተሰፋ በኋላ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አንጠልጥዬ ባሳድርበትና ባይበጠስ ልተማመንበት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው።

አትተማመንበት። እኔ ይህንኑ ራሱን አድርጌው ስለነበር ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

በቡራዩና በአካባቢዋ ዛፍ መመልመል ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በሁለተኛው ዓመት ልክ እንዳንተው ያለ ቀበቶ ነበረኝና ለድንኳንና ለጭነት መኪና ሸራ ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁት። ሰውየው በሥራው የሚታመን ባለሙያ ነው። ቀለበቶቹን በጠፍር ይዞ፣ እንዲጠነክር ብሎ በላዩ ላይ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ሰፋልኝ። ሲያዩት ከፋብሪካው ስፌት ይበልጥ ነበር። እኔም ዕቃ አንጠልጥዬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ወር ያህል በደስታ ሠራሁበት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ስምንት ሜትር ያህል ወጥቼ ነበር። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ስለሚወርድ እግር አይጸናበትም፤ ክብደትህ በሙሉ የሚያርፈው ወገብህ ላይ ነው። መጋዙ እንዲደርስልኝ ወደ ግራ ዘንበል ስል ከወገቤ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሸሚዝ ቁልፍ ሲበጠስ የሚሰማው ዓይነት ነው። ምን እንደሆነ ሳልረዳ የግራው ቀለበት ተገንጥሎ ወጣ። ያተረፈኝ ከላይ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ አሳልፌ ከጀርባው ቀለበት ጋር ያያዝኩት ሌላ ገመድ ነው። ያንን ቀለበት ማንም አልነካውም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። ተወዛውዤ ጎኔ ከግንዱ ጋር ተላተመ፤ አንድ ወር ሙሉ በዚያ በኩል መተኛት አልቻልኩም።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ የተገነጠለውን ቦታ በባትሪ ብርሃን አየሁት። ክሩ የጥጥ ክር ነበር። ላብና ዝናብ እየተፈራረቁበት በስብሶ፣ በጣቴ ስጎትተው ያለ ትግል ይበጠስ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ጠፍሩ ነው። ሦስት ጊዜ የተመላለሰው ወፍራም መርፌ በአንድ መስመር ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎት፣ የቴምብር ጠርዝ መስሎ በዚያው መስመር ተቀድዷል። ሰፊው ለጥንካሬ ብሎ የጨመረው እያንዳንዱ ስፌት ጠፍሩን ያሳሳው ነበር። ፋብሪካው የሚሰፋው ከጠፍሩ ጋር በተስማማ ሰው ሠራሽ ክር፣ በተለካ መርፌና በተለካ ብዛት ነው። በዓይን ስታየው ቀላል ይመስላል፤ በእጅ አምጥቶ መድገም ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ሲሚንቶህ ልመለስ። የተሰፋ ነገር ቀጥ ብሎ ሲሳብ ክሮቹ ሁሉ ጭነቱን ይካፈሉታል። ከጫፉ ተገልጦ ወደ ጎን ሲሳብ ግን የመጀመሪያው ክር ብቻውን ይሸከማል፤ እርሱ ሲበጠስ ለሁለተኛው ያስረክባል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እኔ የሰማሁት ጠብ ጠብ ይህ ነበር። ከረጢት ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል እንጂ መጋዝ ይዞ ወደ ግራ አይዘነብልም። ክብደቱንም ተመልከት። ሁለት ከረጢት 100 ኪሎ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ገመዱ ላልቶ 1 ሜትር ቢወድቅና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ቀበቶው ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የክብደቱን 11 እጥፍ፣ 880 ኪሎ ያህል ይሆናል። ለዚህ ነው የአውሮፓው ኢኤን 358 የሚባለው የወገብ ቀበቶ ደረጃ 15 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ 1,500 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት፣ ለ3 ደቂቃ እንዲችል የሚጠይቀው። እንዲህ የተፈተነው ናሙና ደግሞ ለሽያጭ አይቀርብም። አንተ ከባድ ጭነት ጭነህ ብትፈትነው፣ ሳይበጠስም ቢያድር፣ ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ የምታውቅበት መንገድ የለህም። የፈተንከውን ያንኑ ለብሰህ ነው የምትወጣው።

ታዲያ ምንም አይነካም ማለቴ አይደለም። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ቀበቶውን ልበስና ጣትህን ገመዱ በሚያያዝበት ቀለበት ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ጭነቱ በሚሄድበት መንገድ እየተከተልክ በጠፍሩ፣ በስፌቱ፣ በዘለበቱ አልፈህ ጭንህና ወገብህ ድረስ ውረድ። ጣትህ ያለፈበትን ሁሉ አትቁረጠው፣ አትብሳው፣ አትስፋው፣ አታስበይደው፣ ቀለም አትንከረው። ጣትህ ያላለፈበትን እንደፈለግህ አድርገው። እኔ ወገቤን እንዳይቆርጠኝ ከውስጥ የበግ ቆዳ አድርጌበታለሁ፤ አልሰፋሁትም፣ በማሰሪያ ነው የያዝኩት። የመጋዙንም ማንጠልጠያ እንዲሁ አስሬበታለሁ፤ መጋዙ ከሚወድቅ ቅርንጫፍ ጋር ቢያያዝ እኔን ይዞ እንዳይወርድ ማሰሪያው ቀጭን ነው። ትርፍ የጠፍር ጫፍ ቢረዝምብህ አትቁረጠው፤ ጠቅልለህ በላስቲክ ያዘው፤ ያ ጫፍ ከዘለበቱ እንዳይሾልክ የሚጠብቅህ ነው። ለዛፍ ሥራ በተሠሩ አንዳንድ ቀበቶዎች ላይ ከፊት ያለው አጭር ገመድ እንዲቀየር ተብሎ የተሠራ ነው። እርሱን ራሱ አምራቹ ያዘዘውን ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት ጠብቀህ ትቀይረዋለህ።

የጀርባው ቀለበት ደግሞ ያለ ምክንያት እዚያ አልተቀመጠም። የሚወድቅን ሰው ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ነው እንጂ ተደግፎ ለመሥራት አይደለም። ሰው እንዲያ ተንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ቀበቶህ ምንም ቢሆን፣ ከሥር ሆኖ አንተን ማውረድ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ብቻህን አትውጣ። ይህን ለማንም የምለምነው ነገር ነው።

ያገለገለ መሆኑ ሌላው የሚያሳስበኝ ነው። ፋብሪካው የሰፋበት መለያ ጽሑፍ ካለ የተሠራበትን ዓመት አንብብ፤ ብዙ አምራቾች ከጨርቅ ለተሠራ ቀበቶ ቢበዛ 10 ዓመት ይሰጡታል፣ ያውም ካልተጎዳ። ከዚያ ጠፍሩን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ላይ አጉብጠውና ጉብታው ላይ በየጣት ስፋቱ ተመልከት፤ የተበጠሰ ክር እንደ ፀጉር ብድግ ብሎ ይታይሃል። የደረቀ ሲሚንቶ ከስፌቱ መሐል ካገኘህ አጥበኸው የሚስተካከል እንዳይመስልህ። አሸዋው ክሩን ከውስጥ ይፈገፍገዋል፤ ጠፍሩ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ የሲሚንቶው አልካላይ ራሱ ይበላዋል። የባትሪ አሲድ በበኩሉ የናይለን ጠላት ነው። ቀለሙ የነጣ ከሆነ ፀሐይ አግኝቶታል፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጣሪያ ላይ አታስጣው።

የሚያስፈልግህ ሁለት የጎን ቀለበት ይዞ ከፋብሪካ የወጣ፣ የጭን ማሰሪያ ያለው ቀበቶ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚወጡ ሠራተኞች የሚታጠቁትን አይተህ ይሆናል፤ የጎን ቀለበቱ እንደዚያ ያለ ይሁን። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። እስክታገኝ ድረስ ከመሬት በረጅም መጋዝ የሚደርሰውን መልምል፤ የቀረውን ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ ለኤሌክትሪክ መስመር የቀረበውን ደግሞ ጭራሽ አትንካው። አዲሱን ቀበቶ ስታገኝም መጋዝ በያዝክ ጊዜ ሁሉ ሁለት ገመድ ይኑርህ፤ አንዱ በግንዱ ዙሪያ፣ አንዱ ከላይ።

ቅዳሜ ሸራ ሰፊው ዘንድ እወስደዋለሁ ብለሃል። ከዚያ በፊት መለያውንና ስፌቱን በቀን ብርሃን ቀርበህ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ አሳየን። መለያው ከሌለው ለሌላ ሰው አትሽጠው፤ ጠፍሩን በቢላ ቆራርጠህ ጣለው። ምናልባት ሰፊው ቀድሞ ተቀብሎህ ከሆነም አሁኑኑ ደውልለት፣ መርፌ ሳይገባበት።