ሳያምሽ በፊት እጅ ስጪ

ጥያቄ፦ ባህላዊ ጁጁትሱ የሚባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ዕድሜዬ 34 ነው። አሰልጣኛችን አሁንም የልምምዱን ግማሽ ሰዓት የሚያሠራን አወዳደቅ ነው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት። ሰለቸኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ የእጅ አንጓዬን ሲጠመዝዝ ችኩል ነው። ማታ ማታ ያመኛል። ቶሎ እጅ ከሰጠሁ ደካማ እንዳልባል ብዬ እችለዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአንጓሽ ልጀምር። የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ልጁ የሚሠራብሽ ኮቴ ጋኤሺ ይመስለኛል። መዳፍሽን ወደ ክንድሽ አጥፎ ወደ ውጭ የሚያዞረው ማለቴ ነው። አንጓ በጅማት የተያያዙ 8 ትናንሽ አጥንቶች ያሉት መገጣጠሚያ ነው። በዝግታ ሲጠመዘዝ ሕመሙ ቀድሞ ያስጠነቅቅሻል። በፍጥነት ከሆነ ግን ሕመሙና ጉዳቱ እኩል ይደርሳሉ። ስለዚህ እስኪያምሽ አትጠብቂ። እጅሽ ተቆልፎ መውጫ እንደሌለሽ ባወቅሽበት ቅጽበት በእጅሽ መታ መታ አድርጊ፤ እጅ መስጠት ማለት ይኸው ነው። እሱ እንዲሰማው ገላው ላይ ምቺ፤ ካልደረስሽ ምንጣፉን በደንብ አስጩኺው። ሁለቱም እጆችሽ ከተያዙ በአፍሽ "በቃ" በይ። እሱም ባለበት ቆሞ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። መንጭቆ የሚለቅ ሰው ሲለቅም ይጎዳል።

ደካማ ያልሽው ነገር አልገባኝም። እኔ ምንጣፍ ላይ የማከብረው ቶሎ መታ አድርጎ "እንደገና ሥራብኝ" የሚለውን ሰው ነው። አንገት ሲታነቅማ ጭራሽ መቻል የሚባል ነገር የለም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከተዘጋ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል።

ልጁን ደግሞ ልምምዱ ሳይጀመር "ቀስ በል፣ አንጓዬ ታሟል" በይው። ይሉኝታ አይያዝሽ። ቴክኒኩን እንዲማርበት ሰውነትሽን አውሰሽዋል፤ በደህና መመለስ የእሱ ግዴታ ነው። ተነግሮት ካልሰማ ለአሰልጣኙ ተናግረሽ ሌላ ሰው ጋር ሥሪ።

ችኮላው እንዲህ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ጁጁትሱ ከጃፓን የጦር ሜዳ የመጣ ነው። ታኬኖኡቺ የሚባለው ጥንታዊ ትምህርት ቤት መነሻውን እ.ኤ.አ. ወደ 1532 ይወስደዋል። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ጁዶን ሲመሠርት በሙሉ ኃይል መታገል እንዲቻል ብሎ አደገኛዎቹን ቴክኒኮች ከልምምድ ትግሉ አወጣቸው። ባህላዊው ጁጁትሱ ግን ብዙዎቹን ይዞ ቀርቷል። በደህና የሚሠሩትም በዝግታና በስምምነት ነው። እንደ ውድድር የሚሠራቸው ሰው አጥንት ይሰብራል። በጁዶም ቢሆን ካኒ ባሳሚ፣ ማለትም እግርን በሁለት እግር እንደ መቀስ ቆርጦ መጣል፣ በ1980 የታላቁን የጃፓን ጁዶ ተወዳዳሪ የያሱሂሮ ያማሺታን እግር ሰብሯል። በኋላ ከውድድር ታግዷል። እሱን ለጀማሪ የሚያሳይ ካየሽ "እኔ ላይ አይሆንም" በይ።

አወዳደቁ ከሰለቸሽ አሰልጣኝሽን አመስግኚልኝ። እኔ ዛሬም የማሟሙቀው በእሱ ነው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች የጁዶ ልምምድ ጀማሪዎች ላይ የደረሰው ከባድ የጭንቅላት ጉዳት በብዛት የመጣው በኦሶቶ ጋሪ፣ ማለትም እግርን ከኋላ ጠልፎ ወደ ኋላ በመጣል ነው፤ ወደ ኋላ ስትወድቂ የጭንቅላትሽ ጀርባ ምንጣፉን ይመታል። ስለዚህ አገጭሽን ወደ ደረትሽ አስጠጊ። ዓይንሽ የቀበቶሽን ቋጠሮ ይይ። እጅሽን ከኋላ አትደግፊበት፤ አንጓና ክርን የሚሰበረው እንደዛ ነው። ክንድሽን ከጎንሽ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ምንጣፉን በሙሉ ክንድሽ ምቺ፣ ትንፋሽሽንም አውጪ። ከወደቅሽ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድብታ ከመጣብሽ፣ ጭንቅላትሽ ባይመታም ልምምዱን አቁመሽ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መንቀጥቀጡ ብቻውን ሊጎዳ ይችላል።

ወደ አንጓሽ ልመለስ። ከአውራ ጣትሽ ሥር፣ ከእጅሽ ጀርባ በኩል ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ተጫኚያት። ካመመሽ ወለምታ ነው ብለሽ አትታሺው፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ በመጀመሪያው ራጅ ላትታይ ትችላለች፤ ሐኪሙ ከቀናት በኋላ ድገሚ ካለሽ ድገሚ። እስከዚያ ግን ልምምድ መቅረት የለብሽም። ያንን እጅ የሚነካ ነገር ሁሉ ትተሽ ዳር ቁሚና የሌሎቹን እግር አቋም ተመልከቺ።